ጉና ላይ ጭላዳን በአንድ ቀን አይቶ ለመመለስ

ከደብረ ታቦር ማለዳ ተነስቶ፣ ጉና ተራራ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አይቶ፣ ሳይመሽ ከተማ መመለስ ይቻላል። በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው አስፋልት የተራራውን ሥር ታኮ ስለሚያልፍ ርቀቱ የሚያስፈራ አይደለም። ይሁን እንጂ ሽቅብ ሲለፋ አርፍዶ፣ ከሩቅ ቡናማ መንጋ ወደ ገደል ሲገባ ብቻ አይቶ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። እንስሳው ጠፍቶ አይደለም። የሚጎድለው የሰዓት አያያዝና አቀራረብ ነው። ጉና ላይ አጥግቦ የሚያየው ተጠግቶ ለማየት የሚሮጥ ሰው ሳይሆን በጊዜ ደርሶ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ መንጋው በራሱ ፈቃድ እስኪቀርብ የሚታገሥ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተሠሩት በዚህ ላይ ነው።

ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳዎች ጎብኚን ለዓመታት ስለለመዱ ሰው ጥቂት ሜትር ድረስ ቢቀርባቸውም ሣራቸውን መንቀላቸውን አይተዉም። በዚያ የተነሳ ፎቶ የለመደ ዓይን ይዞ ጉና የሚወጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጉና ላይ የግጦሹ ሣርና የገበሬው የገብስ ማሳ ጎን ለጎን ናቸው። ጭላዳው አዝመራ ሲነካ በወንጭፍና በውሻ ይባረራል፤ ስለዚህ ወደ እሱ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ሲያይ የሚያስታውሰው አባራሪውን እንጂ ጎብኚውን አይደለም። «ታዲያ ለምን በቀጥታ ሰሜን ተራሮች አንሄድም? እዚያ ዋሊያም አለ» የሚል አይጠፋም። ዋሊያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም እንደሌለ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከደብረ ታቦር ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ደርሶ፣ ከዚያ ፓርኩ ውስጥ ገብቶ በዕለቱ መመለስ የማይሆን ነው። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይጠይቃል። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው ጉና ይሻለዋል።

1. ወሩን ምረጡ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ አትውጡ። ዝናቡን የሚችል ቢኖር እንኳ ጉሙን የሚያሸንፍ የለም፤ ጉም ከተኛ ከሃያ እርምጃ ወዲያ ያለው ገደል እንኳ አይታይም፣ ጭቃውም ተሽከርካሪን ይይዛል። ጥሩው ጊዜ ከመስቀል በኋላ ያለው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ነው። ሣሩ ለምለም ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንጋውም ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይውላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን አንድ ጣጣ አላቸው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ የገብሱም መድረሻ ስለሆነ ማሳ ጠባቂው ይነቃል፤ ስለዚህ ጭላዳው ከወትሮው ይበልጥ ደንጋጣ ነው።

የካቲትና መጋቢት ሣሩ ስለሚደርቅ ለጉብኝት አይሆኑም የሚሉ አሉ። ለመልክዓ ምድሩ ውበት ከሆነ ልክ ናቸው። ለእንስሳው ከሆነ ግን አልስማማም። ጭላዳ ምግቡ ከዘጠና ከመቶ በላይ ሣር ነው፤ ለምለሙ ሲያልቅ ግን በጣቶቹ መሬቱን እየቆፈረ የተቀበረውን ሥር ያወጣል። ሲቆፍር ደግሞ አንድ ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጣል፣ አፈሩን በሁለት እጁ ሲዝቅ ከሩቅ እንኳ ይለያል። በደረቁ ወራት የሚሄድ ሰው ለአቧራና ለነፋስ ከተዘጋጀ የሚያየው ነገር አያንሰውም።

2. መንገዱን ጠይቁ፣ የአካባቢ ሰው ያዙ

ከመሄዳችሁ አንድ ቀን በፊት ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የጸጥታውና የመንገዱ ሁኔታ ነው። ባለፈው ሳምንት የሄደ ሰው የነገራችሁ በቂ አይደለም፤ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱንና በዚያው መስመር የሚመላለሱ የመናኸሪያ ሾፌሮችን በዋዜማው ጠይቁ። ሁለቱ የሚነግሯችሁ ካልተስማማ ጉዞውን አዘግዩት። ተራራው የትም አይሄድም።

ሁለተኛው አብሯችሁ የሚወጣ የአካባቢ ሰው ነው። «አገሬ ነው፣ ተራራውም በዓይን ይታያል፣ ለምን ብዬ ለሰው እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠበቅ ነው። መልሱ ሦስት ነው። ጭላዳ በየሌሊቱ የሚያድርበትን ገደል ሊቀያይር ይችላል፤ ትናንት ማታ መንጋው በየት በኩል እንደወረደ የሚያውቀው እዚያው ውሎ የሚያድር ሰው ነው። ጉና ላይ ወደ ገደሉ አፍ የሚያደርሰው ቀጭን መንገድ ብዙ ጊዜ በሰው ማሳና በሰው ደጅ ያልፋል፤ ውሻ የሚይዝላችሁ፣ ባለቤቱን ሰላም የሚልላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። ገብሱን ለጭላዳ የሚገብረው ገበሬ ከእንስሳው አንዳች ጥቅም ካላየ ነገ እንዲታገሠው የሚያደርገው ምክንያት የለም። የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው ቀበሌ መቅረቱ ጭላዳውን ከወንጭፍ ይጋርደዋል። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ዝርዝር ብር ያዙ፤ ወደ ማሳ ጠባቂ ስትቀርቡም በዕድሜ የሚበልጣችሁን «አያ» ብላችሁ፣ እንደምን አደሩ ብላችሁ ጀምሩ። መንገድ የሚከፈተው በዚህ ነው።

3. ጓዛችሁን አዘጋጁ

ደብረ ታቦር ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የከተማዋ ሰው ብርዱን የለመደ ይመስለዋል። የጉና ጫፍ ግን ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከተማ ውስጥ ሹራብ የሚበቃበት ማለዳ እላይ ጋቢና የነፋስ መከላከያ ይፈልጋል። የምትቀመጡት አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ መሆኑን አትርሱ፤ ሲራመዱ የሚበቃ ልብስ ሲቀመጡ አይበቃም። ሰው ብርድ ሲይዘው ይነሳል፣ ሲነሳ መንጋው ይሸሻል። ስለዚህ ከምግብም በፊት ይህን አስቡ፦ ጋቢ፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ከሥር የሚነጠፍ ነገር። ልብሳችሁ ነጭና ደማቅ ቀይ ባይሆን ይመረጣል፤ ጋቢ የምትደርቡም ከሆነ ከላዩ ደብዘዝ ያለ ቀለም ያለው ነገር ደርቡበት።

የርቀት መነጽር ከካሜራ በፊት ይምጣ። ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በነፋስ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያናውጠዋል። በስልክ ካሜራ ብቻ የሚተማመን ሰው ለመጠጋት ይገደዳል፣ ጉዞውንም የሚያበላሸው ያ መጠጋት ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎና ዳቦ፣ በፔርሙስ ትኩስ ሻይ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ለመውረጃ ዱላ ይበቃል። ውሻ አታስከትሉ። የሚያስደነግጥ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ ሌላም ምክንያት አለ፤ በሰሜን ተራሮችና በመንዝ ጓሳ ጭላዳዎች ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ትልቅ እብጠት የሚመጣው ከውሻ ወገን በሚተላለፍ የኮሶ ትል ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ሣር ላይ ይቀራል፣ ጭላዳውም ከሣሩ ጋር ይበላዋል።

4. በጊዜ ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ

የጭላዳ ቀን በፀሐይ የተለካ ነው። ሌሊቱን ሰውና አውሬ በማይደርስበት የገደል ግንብ ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወደ አፋፉ ይወጣል፤ እዚያ ተቀምጦ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ፀጉሩን ይፈታተሻል፣ ግልገሎቹ ይቦርቃሉ። ቀጥሎ እየጋጠ ከገደሉ ይርቃል። ወደ ማታ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ያወቀ ሰው ለምን በጊዜ እንደሚኬድ ማስረጃ አይፈልግም፦ መንጋው ተሰብስቦ፣ ሳይቸኩል፣ ለገደሉ ቅርብ ሆኖ ተረጋግቶ የሚገኘው በጥዋቱ ነው። ለማምለጫው ቅርብ የሆነ እንስሳ ድፍረት አለው፤ ከገደሉ ርቆ ሜዳ ላይ ያገኛችሁት ግን ሰው ሲያይ ገና በሩቁ ይሮጣል።

ይህን ሰምቶ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መነሳት የሚፈልግ ይኖራል። አይመከርም። በጨለማ መንዳት በዚህ መስመር ለአደጋ ያጋልጣል፣ በጨለማ ገደል አጠገብ መሄድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ከደብረ ታቦር ልክ ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሚኒባስ እስኪሞላ የምትጠብቁ ከሆነ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሦስትም አራትም ሆናችሁ ኮንትራት መያዙ በዚህ ቀን ገንዘብ ማባከን አይደለም። አንድ ሰዓት ገደማ ከአስፋልቱ ብትወጡና አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ብትራመዱ ሦስት ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ናችሁ። ከገደሉ ሲወጡ ማየት የግድ ያማረው ሰው ዋዜማውን ጋሳይ ወይም ክምር ድንጋይ ይደር።

ሽቅቡን ስትወጡ ወሬ የማያቋርጥ ሰው እንኳ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ትደርሳላችሁ። በ4,000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከዝቅተኛ አገር የመጣ እንግዳ ካላችሁ አንድ ሌሊት ደብረ ታቦር አሳድሩት። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር የመጣበት ሰው ጽናቱን የሚያሳይበት ጊዜ አይደለም፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የገብስና የድንች ማሳው አልቆ አስታውና ጅብራው ሲጀምር ድምፃችሁን ቀንሱ፣ ስልኮቻችሁን ዝጉ፤ ከዚህ በኋላ መንጋው ከእናንተ ቀድሞ ሊሰማችሁ ይችላል።

5. መቀመጫችሁን ምረጡ

አፋፉ ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ሥራ መንጋውን መፈለግ ሳይሆን ራስን መሰወር ነው። በተራራው ጀርባ ላይ ሰማይን ከኋላ አድርጎ የቆመ ሰው ከኪሎ ሜትር ይታያል። ከጀርባው ዝቅ በሉ፣ ድንጋይ ወይም የጓሳ ሣር ጉብታ ከኋላችሁ ይሁን፣ ፀሐይዋም በጀርባችሁ በኩል ትሁን። ከገደሉ አፍ ቢያንስ አምስት እርምጃ ራቁ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን መንጋው የሚግጥበትን ሜዳ በመነጽር ከግራ ወደ ቀኝ ቃኙ። መንጋውን ስታገኙ ወደ እሱ አትሂዱ፤ ወዴት እየጋጠ እንደሆነ ለዩና ከፊቱ ራቅ ብላችሁ፣ በጎን በኩል ተቀመጡ። ትልቁ ስሕተት በመንጋውና በገደሉ መካከል መግባት ነው። የማምለጫ መንገዱ የተዘጋበት እንስሳ ይሸበራል፣ ግልገል ያዘለችውም ልትወድቅ ትችላለች። ርቀቱን የሚጠይቅ ካለ፣ ከመቶ ሜትር በላይ በመነጽር ጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርበው እሱ ይሁን።

6. ተቀመጡ፣ ጠብቁ፣ ተመልከቱ

ቢያንስ አንድ ሰዓት አንድ ቦታ ለመቀመጥ ቁረጡ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባዶ ይመስላሉ፤ ጎልማሳ ወንዶቹ ቀና ብለው ያዩአችኋል፣ መንጋው ትንሽ ይሸሻል። ካልተነሳችሁ ወደ ሥራው ይመለሳል። እንዲመለስ የሚያስገድደው ረሃቡ ነው። ሣር ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ምግብ ስለሆነ ጭላዳ የቀኑን ግማሽ ገደማ ሲበላ ካልዋለ አይጠግብም፤ እንዲህ ያለ እንስሳ የማይንቀሳቀስን ሰው እያየ ተቀምጦ ሊውል አይችልም። ይኸው ነገር በተቃራኒውም ይሠራል፤ በሰው ምክንያት በሮጠ ቁጥር የመብያው ሰዓት ይቀነሳል። አንድ ቡድን ጥዋት ያስደነገጠው መንጋ ገደል ገብቶ ለቀጣዩ ቡድን ላይታይ ይችላል። «እኔ አንድ ጊዜ ብጠጋ ምን ይጎዳል?» ለሚለው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ጉዳቱ በአንድ ሰው አይቆምም።

ሲረጋጉ መጀመሪያ እጃቸውን ተመልከቱ። ጭላዳ እንደ ሌላው ዝንጀሮ እየተዘዋወረ አይለቅምም። ቁጢጥ ብሎ ይቀመጥና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ለምለሙን ከደረቁ እየለየ፣ ቀኝና ግራውን እያፈራረቀ ይነጫል፤ መዳፉ ሲሞላ አንድ ላይ ወደ አፉ ይከተዋል። ፊቱ ያለው ሲያልቅ አይነሳም፤ በመቀመጫው ተንሸራቶ ጥቂት ወደፊት ይጠጋና ይቀጥላል። ነፋሱ ጸጥ ሲል ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው ሣሩ ሲነጭ ይሰማዋል። ቀጥሎ ደረታቸውን ተመልከቱ፤ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ በወንዱ ላይ ደምቆ ይታያል፣ በእንስቷ ላይ ዙሪያውን እንደ ዶቃ ያለ እብጠት ይኖረዋል። አንበሳ የሚያስመስለው ጎፈር የወንዱ ነው። አንድ ወንድ ከጥቂት እንስቶችና ከልጆቻቸው ጋር ቤተሰብ ሆኖ ይኖራል፤ ብዙ ቤተሰቦች ሲገናኙ ትልቅ መንጋ ይሆናሉ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን የማንን ፀጉር እንደሚፈታትሽ ከተከታተላችሁ ቤተሰቦቹን መለየት ትጀምራላችሁ፤ ያን ጊዜ ብዛት ብቻ የነበረው ነገር ታሪክ ይሆንላችኋል።

ወንዱ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ረጃጅም ጥርሱን ሲያሳይ ሳቀ ብላችሁ አትጠጉ። ፍርሃትና ማስጠንቀቂያ ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ማሳየቱም ማስፈራሪያ ነው። እንዲህ ካደረገ ዓይን ለዓይን አትተያዩ፤ ፊታችሁን ወደ ጎን መልሱ፣ ሳትሮጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ጭላዳ ሰው ላይ የመዝመት ልማድ የለውም፣ ጥርሱ ግን የቀልድ አይደለም።

ምግብ በፍጹም አትስጡ፣ እሱ ባለበትም አትብሉ። «ቁራሽ ዳቦ ምን ያደርገዋል?» ይባላል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ከሰው ማሳም መብላትን አይፈራም፤ ጎብኚው ቁራሽ ሰጥቶ ወደ ከተማው ሲሄድ የዚያን ልምድ ዕዳ የሚከፍለው የገብስ ባለቤቱ ነው፣ ቀጥሎም ድንጋይ የሚወረወርበት ጭላዳው ነው። እረኛ ልጆችን «መንጋውን ወደዚህ ንዱልን» ብሎ ሳንቲም መስጠትም ከዚሁ አይለይም። የሚገኘው ፎቶ የሚሸሽ እንስሳ ጀርባ ነው፣ ልጆቹም እንስሳውን ማባረር የገንዘብ ምንጭ መሆኑን ይማሩበታል።

7. ፎቶውን በመጨረሻ አንሱ

ግማሽ ሰዓት ካያችሁ በኋላ እንጂ ገና ስትደርሱ ካሜራ አታውጡ። ፍላሽ ይጥፋ፣ ድምፁ ይዘጋ። ድሮን አታስነሱ፤ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ መንጋውን በሙሉ ገደል ይከተዋል፣ ያለ ፈቃድ ማብረሩም በሕግ ያስጠይቃል።

8. ስምንት ሰዓት ሳያልፍ ውረዱ

ከቀትር በኋላ ደመናው ከርብና ከጉማራ ሸለቆዎች እየተነሳ ጫፉን ሊሸፍን ይችላል፤ ሁለቱም ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነስተው ጣና ይገባሉና እርጥበቱ ሽቅብ የሚመጣበት መንገድ አያጣም። ስምንት ሰዓት ላይ መውረድ ከጀመራችሁ ዘጠኝ ተኩል ላይ አስፋልቱ ጋ፣ ሳይመሽም ደብረ ታቦር ትደርሳላችሁ። መንጋው ማታ ወደ ገደሉ ሲመለስ ለማየት መቆየት የሚያጓጓ ነው፤ ለአንድ ቀን መንገደኛ ግን ሽልማቱ ከአደጋው ጋር አይመጣጠንም። ስትነሱ ከመንጋው በተቃራኒ አቅጣጫ ተነሱ። የወደቀ ፕላስቲክ ሁሉ ከእናንተ ጋር ይውረድ።

ጥዋቱን ጉም ከጀመረው እስከ አምስት ሰዓት ጠብቁ፤ ካልገለጠ ውረዱ። ቀኑ እንዳይባክን የምትፈልጉ በደብረ ታቦርና በወረታ መካከል፣ ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የአለም ሳጋ ጥብቅ ደን ከሰዓት በኋላ ለእግር ጉዞ ይሆናችኋል፤ እዚያ የምታዩት ጦጣ ግን ጭላዳ አይደለም። ቀኑ ሰምሮላችሁ ጭላዳ ካያችሁና ከመካከሉ ያበጠ ወይም የቆሰለ ካለ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጽፋችሁ አብሯችሁ ለወጣው ሰውና ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ገደሉን በየቀኑ የሚቆጣጠር ባለሙያ ላይኖር ስለሚችል የጎብኚ ዓይን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።